ጎመን በጎመን ላይ

እኔስ ዝም ልል ነበር፤ እነሱ ዝም አያሰኙም እንጂ። የሰፈራችን ልጆች ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ የከተማ ግብርና ብለው መደብ ካወጡ ወዲህ ሥራቸው ጎመን፣ ጎመን፣ ደግሞም ጎመን ነው። ጎመኑ ቀጭጮ፣ ክሽክሽ ወሮት እያዩ፣ «ጋሼ፣ መሬቱን ምን ነካው?» ይሉኛል። ምን ይነካዋል! ጎመን ሰልችቶት ነዋ!

ይኸ ላፍቶ የምትሉት አገር እኮ ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምት ላይ ጫማ የሚቀማ፣ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ። እርሻ በነበረ ጊዜ ጤፍ በተነሣበት ማሳ ከርሞ ሽምብራ ወይ ጓያ ይገባበት ነበር። ሽምብራ መቼም ጭዋ ናት፤ ዝናቡ ሊያባራ ሲል ትዘራለች፣ አፈሩ ባስቀረው እርጥበት ታድጋለች፣ ለተከታዩ ጤፍም ማሳውን አሰናድታ ትለቃለች። ዛሬ ላፍቶ ላይ የሚፈራረቀው ምንድን ነው? ዘንድሮ ካፌ፣ ከርሞ ፋርማሲ፣ ከዚያ ወዲያ የሞባይል ቤት!

ቀላቅሎ መዝራቱስ? አተር አቅም ስለሌላት ባቄላው ላይ ተንጠላጥላ ትቆም ነበር። ጤፉ መሀል ሱፍ ጣል ይደረጋል። ትግሬዎቹ ስንዴና ገብስ አብረው ዘርተው «ሐንፈጽ» ይሉታል፤ ዝናቡ ቢያጥር ገብሱ አያሳፍርም። አሁን ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ካልዘራ ሞኝ የተባለ ይመስለዋል። በ2006 ዓ.ም. የባሌና የአርሲ ገበሬ ዲጋሉ የተባለውን የስንዴ ዝርያ በሰፊው ዘርቶ ሳለ የግንድ ዋግ ገባበትና ማሳ ሙሉ ስንዴ ገለባ ሆኖ ቀረ።

የሽማግሌ ወሬ ነው ካላችሁኝ ቁሉምሳ ምርምር ማዕከልን ጠይቁ። ስንዴ በስንዴ ላይ ከሚደራረብ ይልቅ፣ ባቄላ የተነሣበት ማሳ ላይ ሲዘራ የተሻለ እንደሚያፈራ ለዓመታት ሞክረው አይተውታል። አባቴ ይህን ያውቅ የነበረው ያለ አበል ነው።

ባለፈው ጎረቤቴን ኢንጂነሩን ጠርቼ ከበራፌ አንድ ባቄላ ነቀልኩለት። ሥሩ ላይ ያሉትን ጥቃቅን እባጮች ሲያይ ደነገጠ። «ጋሼ፣ በሽታ ነው፤ መድኃኒት ይረጭ!» ይበለኝ? አንዱን በጥፍሬ አፈረጥኩት፤ ውስጡ ሮዝ ነው። እዚያ ውስጥ ያለችው ባክቴሪያ ናይትሮጅኑን ከአየር ይዛ ለባቄላው ትሰጣለች፤ ሮዝ ከሆነ ሥራ ላይ ናት ማለት ነው። ሥሩና ቅጠሉ አፈር ውስጥ ሲበሰብስ ለሚቀጥለው ሰብል ይተርፋል፤ ማዳበሪያ እንዲህ በተወደደበት ዘመን፣ በነፃ! «ስለዚህ ዘንድሮ ባቄላ፣ ከርሞ ጎመን፣ ከዚያ ካሮት» ብዬ አስረዳሁት። በደንብ ገባው። እባጩን ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ለኮሚቴው ላከ።

ኮሚቴውም ተሰብስቦ፣ ቃለ ጉባኤ ይዞ፣ ሊያበሥረኝ በሬን አንኳኳ።

«ጋሼ፣ ምክርዎን ተቀብለናል! ጎመኑን ነቅለን ጥለናል፤ ከእንግዲህ በየዓመቱ ባቄላ ብቻ ነው!»