ፕሮፌሰርነት በፕሮፎርማ

እስቲ ዛሬ አብረን እናማርር። ደቡብ ጎንደር ላይ ተቀምጦ በባዮቴክኖሎጂ ትልቅ ማዕረግ ላይ እደርሳለሁ የሚል ሰው ያለ ጨረታ የሚያገኘው ነገር ቢኖር ምሬት ብቻ ነው። ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ ሙሉ ፕሮፌሰር። ወረቀት ላይ ሲነበብ አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። ዶክትሬቱን ይዞ የመጣው ግን የመጀመሪያውን ማዕረግ ተቀብሎ እዚያው ይሸብታል።

መስፈርቱ አይጠፋንም። የአገልግሎት ዘመን፣ የማስተማር ብቃት፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ኅትመት። የአገልግሎት ዘመኑ ብንተኛም ይሞላል። የማስተማሩን ነጥብ ተማሪዎቻችን፣ ይስጣቸውና፣ አይነፍጉንም። ጣጣው ኅትመቱ ነው። ኅትመት ውጤት ይፈልጋል፣ ውጤቱ ላብራቶሪ ይፈልጋል፣ ላብራቶሪው ሪኤጀንት ይፈልጋል፣ ሪኤጀንቱ ዶላር ይፈልጋል። ዶላር ደግሞ የጉና ተራራን ዳገት አይወድም።

ሌላው ሁሉ ይቅርና የአንዲትን ብልቃጥ ነገር ላውራችሁ። ታክ ፖሊሜሬዝ ትባላለች። ፒሲአር ማሽን ላይ ዲኤንኤ የምታባዛው ኢንዛይም እሷ ናት፤ ያለ እሷ ማሽኑ የጠረጴዛ ጌጥ ነው። መቀመጥ ያለባት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ነው። ለመግዛት ሦስት ፕሮፎርማ አምጡ ይባላል። አንዱ አስመጪ «የለኝም» ይላል፣ ሁለተኛው «ዋጋው የሚጸናው ለሳምንት ነው» ይላል፣ ሦስተኛው ስልክ አያነሳም። የግዢ ኮሚቴው ምልዓተ ጉባኤ ሲሞላ ሳምንቱ አልፏል፤ እንደገና ፕሮፎርማ! በስንት ደጅ ጥናት ዕቃው ሲመጣ ደግሞ «ቋሚ ነው ወይስ አላቂ?» የሚል ክርክር ይነሳል። ሞዴል 19 የተባለው የዕቃ መቀበያ ደረሰኝ ሳይቆረጥ ካርቶኑ አይከፈትም። የንብረት ክፍሉን ቁልፍ የያዘው ሰው ለቅሶ ሄዷል። ለቅሶ አይቀርም፣ ማንም አይፈርድበትም፤ ግን እሱ እስኪመለስ በረዶው ቀልጦ ኢንዛይሟም አርፋለች። ለእሷ የሚያለቅስ ግን የለም።

የሚያንገበግበው ደግሞ ይህቺው ታክ መጀመሪያ የተገኘችው አሜሪካ፣ የሎውስቶን ከሚባለው ፓርክ ፍል ውሃ ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ መሆኑ ነው። ፍል ውሃ እኛም አለን፤ ዋንዛዬ እዚሁ ደራ ወረዳ ነው። ሕዝቡ ለወገቡና ለቁርጥማቱ ይነከርበታል። እኛ ተመራማሪዎቹ ውስጡ ምን እንደሚኖር እንይ ብንል ለማየት መጀመሪያ ታክ መግዛት አለብን። ታክ ለመግዛት ደግሞ ሦስት ፕሮፎርማ። ዐፄ ቴዎድሮስ በዛሬው የግዢ መመሪያ ቢሄዱ ኖሮ ጋፋት ላይ ያስቀለጡት ሴባስቶፖል መድፍ ይኸኔም በጨረታ ግምገማ ላይ ነበር።

መብራቱንስ ምን ብዬ ልጀምረው? ፒሲአር አንድ ዙር ሁለት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። እኛ ዘንድ ሁለት ሰዓት ሳይጠፋ የቆየ መብራት በራሱ ውጤት ነው። ጀነሬተር አለ፤ ናፍጣ የለም። ናፍጣ ሲገኝ ሄዶ የሚያመጣው ሹፌር አልተፈቀደለትም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ተባለና በ57 ብር የነበረው ዶላር ከ100 ብር አለፈ። የምርምር በጀታችን በብር እንደጸደቀ ቁጭ ብሏል፤ ፒሲአሩ የሚፈልገውን ፕራይመር ግማሽ አድርጎ የሚሸጥ አስመጪ ግን እስካሁን አላገኘንም። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ጠፋ፣ መንገዱም ሲዘጋ ሲከፈት ኖረ። የጆርናል ኤዲተር «በ14 ቀን ውስጥ አስተካክለህ መልስ» ብሎ ሲጽፍ ደብዳቤውን ያየነው በ15ኛው ቀን፣ እሱም ባሕር ዳር የሄደ ጓደኛ ከፍቶልን ነው።

ሀገሪቱ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች አልልም። በ2008 ዓ.ም. ለባዮቴክኖሎጂ ራሱን የቻለ ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ ነበር፤ ሆለታም የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከል አለ። ግን ናሙና በበረዶ ይዞ ከጉና ሥር እስከ ሆለታ ለመድረስ አውቶቡሱም ኬላውም በረዶውም መስማማት አለባቸው። ወደ ውጭ ልከን የዘረመል ቅደም ተከተሉን እናስነብብ ካልን ደግሞ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ፤ ፈቃድ ያስፈልጋል። በአዋጁ አልከፋም። የጤፍን ነገር ማን ይረሳል? አንድ የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 በጤፍ ዱቄት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አግኝቶ፣ የሄግ ፍርድ ቤት ዋጋ የለውም ያለው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በሩ መጠበቁ ደግ ነው፤ እኛ የቤቱ ልጆች ግን ቁልፍ ፍለጋ ዓመት ባንቆም ምን ነበረበት?

ታዲያ በዚህ ሁሉ መሀል ዕድገት የሚያገኙት እንዴት ነው ያላችሁ እንደሆነ፣ ምስጢሩ አንድ ነው፦ በባዮቴክኖሎጂ ማዕረግ የሚገኘው ባዮቴክኖሎጂን በመተው ነው። መብራት የማይፈልግ ምርምር ይመረጣል። የሌሎችን ሥራ ሰብስቦ ሪቪው መጻፍ፣ መጠይቅ መበተን፣ አለዚያም ጣራ ገዳም መውጣት።

ጣራ ገዳም ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። አዲስ ዘመን አጠገብ፣ ከባሕር ዳር ጎንደር ከሚወስደው አስፋልት ብዙ የማይርቅ፣ ገዳሙ ያቆየው ደን ነው። ከ100 በላይ የዛፍና የቁጥቋጦ ዝርያ ተመዝግቦበታል። ገመድና የቆጠራ ቅጽ የያዘ ሁሉ ወይራውንና አጋሙን ቆጥሮ ይመለሳል። መቆጠሩ አይከፋም፤ ጥሩ ጥሩ ጥናት ወጥቶበታል። ከቆጠራው በኋላ ግን ማን ቀጠለ? እዚያው ዙሪያ ያሉ አንድ የዕፀዋት መድኃኒት አዋቂ መጠይቁን ሳወጣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይደረድሩት ጀመር፤ «ለሆድ ቁርጠት፣ ለእባብ፣ ለቁስል...» ጠይቄ እንኳ አልጨረስኩም። «ልጄ፣ አምና ለመጣው መምህር ይህንኑ ነግሬዋለሁ። ሹመቱን አገኘ መሰለኝ ተመልሶም አልመጣ። አንተስ ምን ልትሆን ነው?» አሉኝ። እንዲህ ያለ ጠንካራ ጥያቄ ከየትኛውም ገምጋሚ ደርሶኝ አያውቅም።

እውነታቸውን ነው። ቅጠሉን ከነስሙ እንመዘግባለን፤ ውስጡ ያለውን ንጥረ ነገር ነጥሎ የማውጣቱ፣ መርዛማነቱን የመፈተኑ፣ መድኃኒት የማድረጉ ሥራ ግን ለሌላ ሰው ይቀራል። ሌላው ሰውም ማዕረግ ስለሚፈልግ እሱም መጠይቅ ይዞ ይመጣል።

ቁጭ ብሎ የሠራውስ ምን አገኘ? ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ውሃ ውስጥ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ግኝቱ ግልጽ ነበር፤ የውጭ ላብራቶሪ ማኅተም ይቅደም ተብሎ ግን ዓመታት ነጎዱ። ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ሲቀበሉ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1989 ነበር፤ 25 ዓመት መሆኑ ነው። ለተማሪዎቻችን በአብነት የምንጠራቸውንም ተመልከቱ። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አውጥተው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት አሜሪካ፣ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሆነው ነው። የፍኖተ ሰላሟ ልጅ ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ኮሎምቢያ ሠርተው ናይሮቢ ላይ ኢሲፔ የተባለውን የነፍሳት ምርምር ማዕከል መሩ። «እንደ እነሱ ሁኑ» እንላለን፤ ልጆቹም ሰምተው ፓስፖርት ያወጣሉ።

እዚህ የቀረነው ደግሞ ማሳ ዳር ቆመን እናያለን። የፋርጣና የላይ ጋይንት ወረዳዎች ድንች ያበላሉ። በክረምት ጉም ሲወርድ ቅጠሉ ይጠቁራል፤ ገበሬው «ምች መታብኝ» ይላል። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ አየርላንድን ያስራበው የድንች በሽታ ነው። የበሽታውን ዘር ለይቶ፣ የሚቋቋመውን ዝርያ መርጦ፣ ከበሽታ የጸዳ ዘር በቲሹ ካልቸር አባዝቶ ማድረስ፤ ከዚህ በላይ ባዮቴክኖሎጂ የለም። አንድ ጓዳችን ክረምት ከበጋ ከገበሬው ጋር ጭቃ ሲያቦካ ከርሞ ሥራውን ለዕድገት ቢያቀርብ «ይህ የማኅበረሰብ አገልግሎት ነው፤ ነጥቡ ትንሽ ነው» ተባለ። በዚያው ስብሰባ ላይ ድንች ሲቆፈር አይቶ የማያውቅ ሰው ስለ ድንች በጻፈው ሪቪው አለፈ።

ኅትመቱም ቢሆን በነጻ አይደለም። ደህናዎቹ አሳታሚዎች ለድሃ ሀገር ክፍያ ይምራሉ፤ ግን ከብዙ ወር ግምገማ በኋላ ነው፣ ያውም ውጤቱ ሲኖር። ችኮላ የያዘው ሰው በኢሜይል «የተከበሩ ፕሮፌሰር» ብሎ የሚያቆላምጠው የውሸት ጆርናል እጅ ይወድቃል። ማዕረጉን አስቀድሞ የሚሰጠው እሱ ብቻ ስለሆነ ማን ይጨክንበታል?

እንግዲህ ልመናችን ብዙ አይደለም። ታክና ፕራይመር እንደ ወንበርና ጠረጴዛ አይገዙ። በየግቢው ለብቻ ከሚበላሹ ማሽኖች ይልቅ ለአካባቢው አንድ፣ መብራቱ የማይጠፋ የጋራ ላብራቶሪ ይኑር። የጸዳ የድንች ዘር ለገበሬ ያደረሰ ሰው ሥራው ከአንድ ጽሑፍ እኩል ይቆጠርለት። ይህን ለኮሚቴው ብናቀርብ መልሱ ምን እንደሚሆን አናጣውም፦ «ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ስኮፐስ ላይ በተመዘገበ ጆርናል አሳትማችሁ አምጡት።»