የጋራ ቆጣሪ ሒሳብ አገማመት፦ መጠነኛ ጥናት

በአዲስ አበባ የጋራ ግቢዎች የውሃ ሒሳብ አስቸጋሪ ነው የሚለው እምነት ከመረጃ ጋር አይስማማም። ከዚህ ወር ንባብ ያለፈው ወር ንባብ ይቀነሳል፤ የቀረው ሜትር ኪዩብ በታሪፉ ይሰላል። አንድ ሜትር ኪዩብ 1000 ሊትር፣ በሕዝቡ መለኪያ ደግሞ 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ቢሉ የግቢውን በር ሲያልፍ ግን ጉዳዩ ከሒሳብ ወጥቶ ወደ ሥነ ሰብ ይገባል። ቆጣሪው ሰው አያውቅም፤ ግቢው ደግሞ ከሰው በቀር የሚቆጥረው የለም። ስለዚህ የወር ድርሻውን አስቀድሞ መገመት የፈለገ ተከራይ ከቧንቧው ይልቅ ጎረቤቶቹን ቢያጠና ይሻለዋል።

ታሪፉ ብዙ በተጠቀሙ ቁጥር ዋጋው ከፍ የሚል ነው፤ ቆጣቢውን ከአባካኙ ለመለየት የታሰበ። አምስት ቤቶች እያንዳንዳቸው 4 ሜትር ኪዩብ ቢጠቀሙ አምስቱም ቆጣቢዎች ናቸው። ቆጣሪው የሚያየው ግን 20 ሜትር ኪዩብ የጨረሰ አንድ ሰው ነው፤ ምናልባትም ባለ መዋኛ ገንዳ። ግቢው ይህን ሰው ፍለጋ ይወጣል። ክፍያው በራስ ስለሚከፋፈል ጥያቄው ራስ ማን ነው የሚል ይሆናል፣ እዚህ ላይ ሊቃውንቱ ለሁለት ይከፈላሉ። ጡት የሚጠባ ሕፃን በወላጆቹ አስተምህሮ ውሃ ስለማይጠጣ ዜሮ ነው፤ በአከራይዋ አስተምህሮ ግን የሽንት ጨርቁ ታስቦ ከአንድ ሙሉ ሰው ይበልጣል። ከገጠር የመጣች አክስት እንግዳ የምትባለው ልብስ እስክታጥብ ድረስ ነው።

ለየቤቱ ቆጣሪ ቢገጠም ይህ ሁሉ ይቀራል የሚሉ አሉ። ይሁንና የትንንሾቹ ድምር ከዋናው ጋር እምብዛም አይገጥምም፤ በመካከል ያለ ቧንቧ ያፈስሳል፣ በጣም በቀስታ የሚንጠባጠብም በቆጣሪ ሳይመዘገብ ያልፋል። ባለቤት ያጣው ልዩነት ታዲያ በራስ ይከፋፈላል። ሌሎች አየሩን ይከስሳሉ። በፈረቃ የሚመጣ ውሃ ከፊቱ የሚገፋው አየር ቆጣሪ እንደሚያዞር እውነት ነው፤ አየሩ ስንት ራስ እንደሚታሰብ ግን ስምምነት ላይ አልተደረሰም። ማታ ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ የቆጣሪው ትንሿ ጎማ መዞሯን ማየትም ይቻላል፤ ከዞረች የሚያፈስ ቦታ አለ። ዘዴው ነፃና አስተማማኝ ቢሆንም ብዙ ተከታይ አላፈራም። የሚያጋልጠው ተከራይን ሳይሆን ቧንቧን ነው፣ ቧንቧ የሚያስጠግኑት ደግሞ አከራይዋ ናቸው።