በጦር ኃይሎች አካባቢ በሚገኝ አንድ ሰላማዊ ቤት የማዕድ ጸሎት ተግሣጻዊ ጠባይ፦ መጠነኛ ጥናት

የጥናቱ ስፍራ ጦር ኃይሎች ነው፤ ከአያት የሚመጣው ቀላል ባቡር የሚያበቃበት፣ የወታደሩ ሆስፒታል ያለበት ሰፈር። ለጥናቱ የተመረጠው ቤተሰብ የመሠረተ ክርስቶስ አማኝ ነው። ይህች ቤተ ክርስቲያን ከሜኖናይት ሚሲዮን የተገኘች ስትሆን፣ ሜኖናይቶችም እንደ ኩዌከሮቹ ጦር አንሰብቅም ከሚሉት ወገን ናቸው። ከታክሲ ለመውረድ በየቀኑ «ጦር ኃይሎች ወራጅ!» ማለት ከእምነታቸው ጋር አይጋጭ እንደሆነ የተጠየቁት እማወራ «ታዲያ አየር ጤና ድረስ ልሂድ?» ሲሉ መልሰዋል።

በዚህ ቤት ዱላ የለም። ስድብ የለም። የአሻንጉሊት ሽጉጥ እንኳ ደጃፉን አልፎ አያውቅም። ልጆቹ ግን ከሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይልቅ እናታቸውን ይፈራሉ። መንስኤው ምሳ ላይ ተገኝቷል፦

«ጌታ ሆይ፣ ስለዚህ ሽሮ እናመሰግንሃለን። ላጡትም ስጣቸው። ደግሞ ጌታ ሆይ፣ የሒሳብ ፈተና ገና አልተመለሰልንም ያለውን ልጅ አንተ ታውቀዋለህ። እኔም አውቄዋለሁ።»

ተከሳሹ ዓይኑን ጨፍኗል። ጸሎት አቋርጦ መከራከር ነውር ነው። ይባስ ብሎ የተፈረደበትን ፍርድ ራሱ «አሜን» ብሎ ያጸድቃል፤ ይግባኝ የለውም። ታናሽየዋ አንድ ጊዜ ተራዋ ሲደርስ «ለእማዬ ትዕግሥት ስጣት» ብላ መልሶ ማጥቃት ሞክራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተራዋ አልደረሰም።

የጸሎቱን ርዝመት በተመለከተ ታሪክን ማየት ግድ ነው። ደርግ በጥር 1974 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኗን ዘግቶ መሪዎቿን አሰረ። ምእመናኑ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጸለዩ፤ 5,000 ገደማ የነበሩትም ደርግ ሲወድቅ ከ30,000 በላይ ሆነው ወጡ። እንግዲህ ያን ያህል ዘመን በሹክሹክታ የከረመ ሰው ከ1983 በኋላ ቢያስረዝም አይፈረድበትም። አያትየው ከደደር ገጠር ሲመጡማ ከዝናቡ ተነሥተው፣ በበሬው አልፈው፣ እስከ መንግሥት ይደርሳሉ። ሽሮው በዚህ መካከል ቆዳ ያወጣል።

ለንጽጽር ያህል፣ በኩዌከሮቹ ጥንታዊ አምልኮ ሰባኪ የለም፤ መንፈስ ያነሣሣው እስኪናገር ሁሉም ዝም ብሎ ይቀመጣል። የእርዳታ ድርጅቶቻቸው እ.ኤ.አ. በ1947 የኖቤል የሰላም ሽልማት ወስደዋል። የእኛዋ እማወራ እስካሁን አልታጩም።

ወደዚህ ቤት ለምሳ የምትጋበዙ ሁሉ እንጀራውን ቀድማችሁ አትቁረሱ፤ ገመናችሁንም ከምሳ በፊት ለእናትየው አታጫውቱ።