አራተኛ ፎቅ ላይ የወጣ ጭቃ

በእናቴ አቆጣጠር የሰው ልጅ ዕድገት የሚለካው በግድግዳ ነው። ታችኛው እርከን በእበት የተለቀለቀ ጭቃ ነው፤ ደጀን አጠገብ ተወልዳ ያደገችው እዚያ ውስጥ ነው። ቀጥሎ ጭቃ ላይ ጋዜጣ የተለጠፈበት ግድግዳ ይመጣል፤ አዲስ አበባ እኔን ያሳደገችኝ በዚያ ነው። (ማንበብ የለመድኩት ከግድግዳችን ላይ ነው። አንዱ ማዕዘን ላይ ጋዜጣው ተገልብጦ ተለጥፎ ስለነበር፣ ተገልብጦ የተጻፈ ነገር ዛሬም ከማንም ቀድሜ አነባለሁ። ለዚህ ሙያ የሚከፍል መሥሪያ ቤት ግን እስካሁን አልተገኘም።) ከዚያ ኖራ፣ ከዚያ ፕላስቲክ ቀለም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዘይት ቀለም አለ፤ የሚያብረቀርቅ፣ በጨርቅ የሚወለወል፣ እንግዳ ፊቱን የሚያይበት። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶልን አራተኛ ፎቅ ስንገባ ሳሎኑን ክሬም ዘይት ቀለም ያስቀባችው እሷ ናት፣ በዕቁብ ብሯ። ቀለሙ ሲደርቅ በመዳፏ ዳበስ አድርጋ «ተገላገልኩ» አለች።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ እያወቀች ነው በፍልሰታ ጾም ሰሞን ስልኳን ይዛ አጠገቧ የተቀመጠችው። ምስሉ ላይ አንድ ሳሎን አለ። ግድግዳው ደብዘዝ ያለ የአፈር መልክ፣ ወለሉ ባዶ፣ ጥግ ላይ አንድ ዝቅ ያለ ወንበር፣ በእንስራ ውስጥ የቆመ አንድ ደረቅ ጭራሮ። እናቴ መነጽሯን አስተካክላ አየችና ከልቧ አዘነች።

«ምስኪኖች! እሳት ነው ወይስ ጎርፍ?»

«አይ እማዬ፣ ሀብታሞች ናቸው። አስበውበት ነው እንዲህ ያደረጉት። የተቀባው የአፈር ቀለም ነው። እኛም ሳሎናችንን እንዲህ ብናደርገው ብዬ ነው።»

እናቴ ስልኩን መለሰችላትና ወደ እኔ ዞረች። «ብር ቸግሯችኋል እንዴ? ለምን አትነግሩኝም?»

ባለቤቴ በቀላሉ እጅ የምትሰጥ አይደለችም። ቀለሙ ከአፈር፣ ከውሃና ከደቃቅ አሸዋ እንደሚሠራ፣ እንዳይራገፍ የሚይዘው ከስንዴ ዱቄት የተሠራ ሙጫ ወይም ከወተት የሚወጣ ካዜይን እንደሆነ አስረዳች። ዘይት ቀለም ግድግዳውን አፍኖ ሲይዝ፣ አፈር ግን ቤቱ ሲረጥብ እርጥበቱን እየጠጣ፣ ሲደርቅ መልሶ ይለቀዋል አለች። በክረምት ግድግዳችን ላይ የሚወርደውን ላብ ለማስረጃ አቀረበች። እስከዚህ ድረስ ደህና ሄዳ ነበር። ከዚያ ባትለው የሚሻላትን ተናገረች።

«ባጭሩ ግድግዳው ይተነፍሳል።»

«አውቃለሁ እንጂ!» አለች እናቴ። «ይተነፍሳል፤ ሌሊት ደግሞ ይነክሳል። ጭቃ ከተሰነጠቀ ቁንጫው፣ ትኋኑ፣ ምኑ ቅጡ! የእኛ ግድግዳ ሲተነፍስ እያደረ፣ እኛ ስናክ እናድር ነበር።»

ባለቤቴ ወደ ጤና ተሻገረች። አንዳንድ ቀለም ውስጥ የሚጨመር እርሳስ ሕፃናትን እንደሚጎዳ፣ በእኛም አገር ከ90 ፒፒኤም በላይ እርሳስ ያለበት ቀለም በደንብ እንደተከለከለ ተናገረችና «እኛ የምንሠራው ላይ ግን እርሳስ የሚባል አይገባም» ብላ ደመደመች። እናቴ ዘይት ቀለሙ ላይ ባቡር በመሳል የተጠመደውን ልጃችንን በአገጯ አመለከተቻት።

«እርሳሱማ ይኸው እሱ እጅ ላይ ነው። ይሄንን እኔ በእርጥብ ጨርቅ አጠፋዋለሁ። አፈር ላይ ሲስልብሽ በምን ታጠፊዋለሽ?»

እናትና ሚስት ሲከራከሩ መሐል የተቀመጠ ወንድ ሻይ ይቀዳል። እኔም ቀዳሁ። ሻዩ ሲያልቅ ግን ታሪክ አነሳሁ። ድሬዳዋ አጠገብ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። የዛሬ 40 ሺህ ዓመት ገደማ እዚያ የነበሩ ሰዎች ቀይና ቢጫ አፈር እየሰበሰቡ ድንጋይ ላይ ይፈጩ ነበር። ተመራማሪዎች ያገኙት ባለቀለም አፈር ብቻ 40 ኪሎ ይመዝናል፤ ልማዱም ቢያንስ ለ4,500 ዓመት ዘልቋል። «እንግዲህ እማዬ፣ ነገሩ የትናንት ፋሽን አይደለም» አልኳት።

«ይፈጩ ነበር ነው ያልከው?»

«አዎ፣ መፍጫ ድንጋዩም ተገኝቷል።»

«እንግዲያው የፈጩት ሴቶቹ ናቸው። ወንዶቹ አጠገባቸው ተቀምጠው ታሪክ ያወሩ ነበር።»

ሻይ ጨመርኩላት። ሐረርንም ሞከርኩ፤ ጀጎል ውስጥ በሐረሪዎች ቤት ነደባ የሚባለው የመቀመጫ መደብ በቀይ አፈር እንደሚቀባ፣ ቀይነቱም በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው እንደሚባል ነገርኳት። እሷ ግን ለሠርግ ሄዳ አይታዋለች። «እኔ ያረፍኩበት ቤት ነደባው በቀይ ዘይት ቀለም ያብረቀርቅ ነበር» አለች። «ዐዋቂ ሰዎች ናቸው።»

ነገሩ እዚህ ላይ ሊቀር ነበር፤ ያስነሳው ዋጋው ነው። ባለቤቴ ከውጭ የሚገባውን የአፈር ቀለም ዋጋ ጠይቃ መጣች። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም፤ እናቴ ስትሰማው ከተቀመጠችበት ተነሳች። «ለአፈር? ባሕር አቋርጦ ለመጣ አፈር?» እኔም ነገሩን አባባስኩት። ቀለሙ ውስጥ የሚገባው ካዖሊን የሚባል ነጭ አፈር ነው፤ እሱ ደግሞ ጉጂ ውስጥ፣ ክብረ መንግሥት አካባቢ፣ ቦምቦዋ ከሚባል ቦታ ተቆፍሮ ለሴራሚክ ሥራ የሚውል የራሳችን አፈር ነው አልኳት። እናቴ ጭቃ ትጠላለች። መታለልን ግን ከጭቃ አብልጣ ትጠላለች።

«አፈሩን አምጡ» አለች።

ከዚህ በኋላ ሥራው የእሷ ሆነ። አዲስ አበባ ውስጥ አፈር ማግኘት አይቸግርም፤ ያልተቆፈረ መንገድ ነው የሚቸግረው። እሷ ግን መራጭ ናት። ዋልካ እንዳናመጣ አስጠነቀቀች፤ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ላይ ላዩን ያለው አፈርም ሥርና ቅጠል ስለማያጣው አይሆንም፤ ዝቅ ብሎ ከሥር የሚገኘው ቀይ አፈር ነው የሚፈለገው። አንድ አዲስ ሕንፃ መሠረት ከሚቆፈርበት ስናመጣላት ጥቂቱን አርሳ በጣቶቿ መካከል አሽታ አጠቀለለችው። ሳይበጠስ ሲጎብጥላት «ይይዛል፤ አሸዋ ግን ይፈልጋል» አለች። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር የአፈር ባለሙያ ጓደኛ አለኝ፤ እሱም ተማሪዎቹን መስክ ላይ የሚያሠራው ይህንኑ ነው።

አፈሩ በባልዲ ተዘፍዝፎ አደረ። በማግስቱ ጠጠሩ ከሥር ቀርቶ ላይኛው ተቀዳና በባለቤቴ የዱቄት ወንፊት ተጠለለ። (ወንፊቱ ወደ ቀድሞ ሥራው አልተመለሰም።) ሙጫው ደግሞ ምድጃ ላይ ተሠራ። የስንዴ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ፣ የፈላ ውሃ ላይ እየተማሰለ ተጨምሮ፣ እንደ አጥሚት ወፍሮ ጥርት እስኪል ድረስ። ልጃችን ኩባያ ይዞ መጥቶ ስኳር እንዲጨመርበት ጠየቀ። ይህ ሙጫ ከከረመ ስለሚኮመጥጥ በየጠዋቱ አዲስ ይሠራል፤ ቤታችን ለሰሞኑ ጠዋት ጠዋት አራስ ያለበት ቤት ጠረን ነበረው።

ትልቁ ጠብ እበቱ ላይ ነበር። እናቴ እበት ካልገባበት ስሜን እንዳታነሱ አለች። ባለቤቴ እበት ከገባ ስሜን እንዳታነሱ አለች። እናቴ እውነት አላት፤ ከብቱ ያልፈጨው የሣር ጭረት ጭቃውን ሰብስቦ ይይዘዋል፣ እንዳይሰነጠቅም ያግዘዋል። በመጨረሻ በረንዳው ላይ እንዲሞከር ተስማሙና እኔ ተላክሁ። ከሰፈራችን ጀርባ ላሞች የሚያረባ ሰው አለ። በጀሪካን አስሞልቼ ላዳ ተሳፈርኩ። ሾፌሩ ጥቂት እንደሄድን አፍንጫውን ነፋ ነፋ አድርጎ «ምንድን ነው የጫንከው?» አለኝ።

«ቀለም ነው።»

መስኮቱን እስከ መጨረሻው አወረደ። «ጊዜ ያለፈበት ሸጠውልሃል» አለ።

በረንዳው ሲደርቅ ሽታው ጠፋ፤ አንድም ስንጥቅ አልታየበትም። ባለቤቴ ጠጋ ብላ አሸተተች፣ ዳበሰች፣ ምንም ሳትናገር ወደ ውስጥ ገባች። ለሳሎኑ ግን ፈቃድ አልሰጠችም።

ቀለም ቀቢያችን ሩሎውን ይዞ መጣ። ልሙጥ ዘይት ቀለም ላይ አፈር ይንሸራተታል እንጂ አይዝም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ግድግዳውን በካርታ ቬትሮ አሻክሮ፣ ኮላ ከደቃቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሎ ቀባው። እናቴ ያንን የሚያብረቀርቅ ክሬም ቀለም ሲፍቀው ማየት ስላልቻለች ጎረቤት ሄዳ ቡና ጠጣች። ስትመለስ ሩሎውን ከእጁ ተቀበለችው።

«ይሄ ለኮርኒስ ነው። ሰፋፊውን ብሩሽ አምጣ። ወዲህም ወዲያም እያቋረጥክ፣ ስስ አድርገህ።»

«እሺ ማዘር» አለ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቀጣሪው ማን እንደሆነ አልተምታታበትም። እርጥቡ ቀለም ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ጥቁር ቡኒ ሆነና ባለቤቴ ክው አለች። እናቴ «ይደር» ብቻ አለች። በማግስቱ ነጣ ብሎ፣ ፎቶው ላይ ያለውን መልክ ይዞ ተገኘ፤ እንዲያውም ሞቅ ያለ ነበር።

ሁለተኛውን እጅ ሲቀባ እናቴ አላስችል ብሏት በብሩሹ ፈንታ በመዳፏ ማለስለስ ጀመረች፤ እየለቀለቀችም ታወራለች። ክረምቱ በወጣ ቁጥር ከእናቷና ከእህቶቿ ጋር አፈር ሲቆፍሩ፣ ውሃ ከወንዝ ሲያመላልሱ፣ ጭቃውን ከጭድ ጋር በእግራቸው ሲረግጡ፣ እበት ሲለቅሙ፣ ቤቱን ውስጥና ውጭ ሲመርጉ። «አባቴ ቤቱን አንድ ጊዜ ሠራው። እኛ በየዓመቱ ሠራነው» አለች። ስለ አፈር ቀለም የሚነገረውን ውዳሴ ብዙውን እቀበላለሁ፤ መልኩንም፣ እርጥበት መጠጣቱንም። ርካሽ ነው ሲሉ ግን ቅር ይለኛል። ርካሽ የሆነው የእነዚያን ሴቶች ጉልበት ማንም በዋጋ ስላልቆጠረው ነው። እናቴ በዕቁብ ብሯ ውበት የገዛች ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የገዛችው ዕረፍት ነው።

ሳሎኑ አሁን ያምራል። የከሰዓት ፀሐይ ሲገባ ግድግዳው ዓይን አይወጋም። ወጥ ቤቱን ግን አልነካነውም፤ አፈር ፍንጣሪ አይችልም፣ የቁሌት ፍንጣሪ ደግሞ ለማንም አይራራም። ችግሩ መደገፍ ነው። አጎቴ እሑድ ቡና ሊጠጣ መጥቶ፣ ጥቁር ኮቱን ለብሶ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ስለ ኑሮ ውድነት ሲያወራ ዋለ። ሲነሳ ከኋላው ቀይ ነበር። ቀለም ቀቢው ዱቄት ስላነሰው ነው ይላል። እናቴ ግን «ግድግዳው ደህና ነው፤ ቀጥ ብሎ መቀመጥ የረሳው ሰውየው ነው» ብላ ዘጋችው።

የልጃችን ባቡርም መልስ አግኝቷል። እርጥብ ስፖንጅ ቀስ አድርገን ስናዞርበት እርሳሱ ከስስ አፈር ጋር አብሮ ይነሳል። ባቡሩ በጠፋ ቁጥር ግድግዳውም ትንሽ ትንሽ ይጠፋል ማለት ነው። ለዚህ ብላ እናቴ የተረፈውን አፈር አድርቃ በመሳቢያዋ አስቀምጣለች፤ ቆርሳ አርሳ ትደፍንበታለች። መሳቢያው ያለበት የእሷ ክፍል አሁንም ክሬም ዘይት ቀለም ነው። እሱንም እንቀይረው ብንላት «እኔ ድርሻዬን ተንፍሻለሁ» አለችን።

ባለፈው ሳምንት ቀለም ቀቢው ደወለ። የሳሎናችንን ፎቶ ቦሌ ላለ አንድ ደንበኛው አሳይቶት፣ ሰውየው በጣም ወዶት፣ ሥራ ሊጀምር ነው። ቀለሙ ከየት የመጣ ነው ተብሎ ሲጠየቅ «ከውጭ» ብሎ መልሷል፤ አፈሩ የወጣው ከቤት ውጭ ስለሆነ ውሸት አይባልም አለኝ። «ጋሼ፣ ማዘርን ታገናኘኝ? የዱቄቱ ልክ ጠፍቶብኝ ነው።»

ስልኩን ሰጠኋት። እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ካሬውን በስንት ተዋዋልክ?» አለችው። ነገራት። ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ አየችው፣ መልሳ ያዘችው።

«እንግዲያው ግማሹን ይዘህ ና፣ ልኩን እነግርሃለሁ። የእበቱን ደግሞ ለብቻ ነው የማስከፍልህ።»