በገዛ ቤቴ ደጅ ጠኚ

የሰፈራችንን እድር መዝገብ 22 ዓመት ስይዝ፣ መዝገቡ አንድም ቀን «እርግጠኛ ነህ ወይ?» ብሎኝ አያውቅም። ይገለጣል፣ ይጻፋል፣ ይከደናል። ልጆቼ «ዘመኑ ተለውጧል» ብለው ኮምፒውተር ገዙልኝና ይኸው፣ የቢሮውን ደጅ ጥናት ሳሎኔ ድረስ አመጡልኝ።

ማክሰኞ ለታ የፕሪንተሩን ሶፍትዌር ልጭን ሁለቴ ጠቅ አደረግሁ። ስክሪኑ ድርግም አለ። «መብራት ሄደ!» ብዬ ሻማ ስፈልግ፣ መሐሉ ላይ አንድ ሣጥን ብቅ ብሎ በእንግሊዝኛ ይጠይቀኛል፤ ይህ ፕሮግራም ለውጥ እንዲያደርግ ትፈቅዳለህ? ኧረ በሕግ አምላክ! ታዲያ ለምን ጠቅ ያደረግሁት ይመስለዋል? ለጽድቅ?

የልጅ ልጄ መጣ። አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ሲያስረዳ ግን እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ይጠራርጋል። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን አብዛኛው ሰው በአስተዳዳሪነት ስለሚገባ ቫይረሱም እንደ ባለቤት ይፈነጭ ነበር አሉ። ይህ ጥያቄ በፈረንጆቹ 2007 ከቪስታ ጋር መጣ። ከዚያ ወዲህ አስተዳዳሪውም ሥራውን የሚሠራው እንደ ተራ ሰው ነው፤ ሥልጣኑን የሚያወጣው ተጠይቆ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ሥልጣኑን ኪሱ ከቶ የሚቀመጥ አስተዳዳሪ እኔ በዕድሜዬ አላየሁም።

«ይሁን፣ ዝም የሚያሰኘውን አሳየኝ» አልኩት። ኮንትሮል ፓነል ገብቶ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት ነገር አወጣ፤ አራት እርከን አለው። ከላይ ለሁሉም ይጠይቃል። ሁለተኛው ሲገዛ የነበረበት ነው። ሦስተኛው ይጠይቃል፣ ግን አያጨልምም። ታችኛው ጸጥ ነው። ማውሱን በሚንቀጠቀጥ እጄ ይዤ ታች ድረስ ጎተትኩትና «ኦኬ» አልኩ።

ድርግም! ትፈቅዳለህ?

ዘበኛን ለማሰናበት የዘበኛውን ፈቃድ!

«አባባ፣ ታች አያውርዱት» አለኝ ልጁ፤ «የሚያጨልመው እኮ ሌላ ፕሮግራም በእርስዎ ፈንታ ‹የስ› እንዳይጫን ነው»። መልሶ ሁለተኛው ላይ ሰቀለው። እዚያ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ለደኅንነቴ ብሎ እኔን ተራ ተጠቃሚ፣ ራሱን አስተዳዳሪ አድርጎ ወጣ። አሁን ሣጥኑ የሚፈልገው የእሱን የይለፍ ቃል ነው።

«ንገረኝ» ብለው፣ «የይለፍ ቃል ለማንም አይነገርም ያሉኝ እርስዎ አይደሉ?» አለኝ።

ፕሪንተሩ ካርቶኑ ውስጥ ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት የሚወጣው አሥር ሰዓት ነው።