ሲሸጥ ስንት ያወጣል?

አዲስ አበባ ውስጥ «መኪና ልገዛ ነው» ብሎ መናገር «ልጅ ልድር ነው» እንደ ማለት ነው፤ ያልተጠራው ሁሉ ሽማግሌ ሆኖ ይመጣል። እኔ የነገርኩት ለባለቤቴ ብቻ ነበር። እሷ ለእህቷ፣ እህቷ ለእናታቸው፣ እናታቸው ለዕድሩ አደረሱት። ሳምንት ሳይሞላ የሰፈራችን ባለሱቅ ዳቦዬን እየጠቀለለ፣ «ጋሼ፣ ቪትዝ ይሻልሃል። ነገ ልሽጥ ብትል ገዢው በር ላይ ነው የሚያድርልህ» አለኝ። ገና አልገዛኋትም እኮ!

የእኔ ጉዳይ ቀላል ነው። ጠዋት ከአያት ሜክሲኮ፣ ማታ ከሜክሲኮ አያት። መንገድ ላይ ልጅን ትምህርት ቤት ማድረስ። ቅዳሜ አስቤዛ፣ አልፎ አልፎ ጤፍ ወፍጮ ቤት፣ እሑድ አማቴ ቤት። ይህን የምትችል መኪና ነው የፈለግሁት፤ ለጠየቀኝ ሁሉ እንዲሁ አስረዳለሁ። ሁሉም በጥሞና ያዳምጡኛል፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ከዚያ «እሱስ ልክ ነህ፤ ግን ሲሸጥ ስንት ያወጣል?» ይሉኛል።

እየቆየ ነገሩ ገባኝ። እኛ ዘንድ ሰው መኪና የሚገዛው ለራሱ አይደለም፤ ነገ ከእሱ ለሚገዛው ሰው ነው። ቀለሙን ነጭ ወይም ብርማ የሚያደርገው ያ ሰው እንዳይከፋው ነው። የወንበሩን ላስቲክ ሳይቀድ፣ በሐሩር እየተጣበቀበት፣ ዓመት ሙሉ የሚቀመጠው ያ ሰው አዲስ ወንበር እንዲያገኝ ነው። ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ የት እንደሚኖርም አይታወቅም፤ ግን ከባለቤቱ ከራሱ ይልቅ ይከበራል።

አይፈረድም ደግሞ። በሌላው ዓለም መኪና ከሻጩ ግቢ እንደወጣች ዋጋዋ ይወርዳል። እዚህ ቀረጡ፣ ኤክሳይዙ፣ ሱር ታክሱና ቫቱ ተደራርበው መኪናዋን ራሷን ያስከነዳሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደ፤ አሮጌ መኪና አስቀድሞ የነበረው ሰው ተኝቶ ሲነሳ ሀብታም ሆነ። በጥር 2016 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከላቸው ተነገረ፤ ያው ሰው ደግሞ ባሰበት። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብር ከዶላር ፊት ተንበረከከ፤ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመች ኮሮላ ግን ወይ ፍንክች። በቁጠባ ደብተሩ የታመነው ጎረቤት እስከ ዛሬ ኮሮላዋን በክፉ ዓይን ነው የሚያያት።

ስለዚህ ቪትዝን ልይ ብዬ ተነሳሁ። ቶዮታ ቪትዝን ለገበያ ያቀረበው በ1991 ዓ.ም. ነው። በአውሮፓ ያሪስ ተብላ፣ በእነሱ አቆጣጠር የ2000 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ሆና ተመርጣለች። አውሮፓውያኑ ይህን ከረሱት ቆይተዋል፤ እኛ ግን ሽልማቱን እስከ ዛሬ በዋጋዋ ላይ እየጨመርንላት ነው። መለዋወጫዋ ሶማሌ ተራ እንደ ልብ ነው። የየትኛውም ከተማ መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታታል፤ አንዳንዱም ዓይኑን ጨፍኖ ይገጥማታል።

ከጃፓን የመጣችው ቪትዝ ጠባይ አላት። አንዳንዷ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ ነው። ሬዲዮዋ የሚይዘው በጃፓን ሞገድ ከ76 እስከ 90 ስለሆነ፣ ማስተካከያ ካልተገጠመላት ፋና 98.1ንም ሆነ ሸገር 102.1ን አታውቅም፤ ነጂው ኮተቤ ድረስ ፉጨት እያዳመጠ ይሄዳል። የጃፓን የክፍያ መንገድ መሣሪያ ሳይነቀል ከመጣ ደግሞ ሞተር በተነሣ ቁጥር አንዲት ሴት በትሕትና ትናገራለች። የምትለው «ካርዱ አልገባም» ነው። የጓደኛዬ እናት ግን ሰላምታ ስለመሰላቸው ጠዋት ጠዋት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ እንዴት አደርሽ?» ይሏታል።

ዋናው ችግር ዳገቱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በአማካይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህሉን ያጣል፤ አየሩ ስስ ነዋ። 70 የፈረስ ጉልበት ይዛ ከፋብሪካ የወጣችው ባለ አንድ ሊትር ቪትዝ እኛ ጋ ስትደርስ ከአሥር የሚበልጡት ፈረሶች ቀድመው ሞተዋል። አምስት ሰው ጭና ሽሮ ሜዳን ስትወጣ ያየ ሰው ያውቀዋል፦ ኤሲው ይጠፋል፤ ጨዋታ ይቆማል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ሳይነገረው ወደፊት ያጋድላል።

ደላላውን የተዋወቅሁት በዚህ መሀል ነው። ከእሱ ጋር ስዞር የተማርኩት፣ በዚህ ከተማ መኪና የሚሸጡ ሰዎች ሁለት ዓይነት ብቻ መሆናቸውን ነው፦ ዶክተሮችና አሜሪካ የሚሄዱ። «ዶክተር ነው የያዛት፤ ከቤት ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ቤት።» «ባለቤቷ ማክሰኞ ይበራል፤ ለዚህ ነው የረከሰችው።» ከዚህ ካለፈ ሴት የያዘቻት ናት፤ እሷም ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አልነዳቻትም። ኮፈኑን ከፍቼ ሳይ ሞተሩ እንደ ሙሽራ ታጥቧል። ዘይት የምታፈስ መኪና የት ጋ እንደምታፈስ እንዳይታወቅ ከማጠብ የተሻለ ዘዴ ስለሌለ፣ የታጠበ ሞተር ባየሁ ቁጥር ይቅርብኝ እላለሁ። ደላላው ግን «አባቴ፣ ንጽሕናም ወንጀል ሆነ?» ብሎ ይቆጣል። ሁለት በመቶው ቀርቶበት እንዴት አይቆጣ!

አጎቴ ደግሞ በዚህ ሁሉ መሀል «ከፍ ያለች ግዛ» በሚለው ጸኑ። ምክንያታቸው ለጥምቀት አገር ቤት ስንሄድ የምናገኛት የመጨረሻዋ ወንዝ ድልድይ የሌላት መሆኑ ነው። «ጋሼ፣ በዓመት አንዴ እኮ ነው» ስላቸው፣ «አንዴስ ወንዝ ውስጥ ብትቀር?» አሉኝ። በዚህ ሒሳብ ላንድክሩዘር ገዝቼ 364 ቀን የመገናኛን መጨናነቅ ከፍ ካለ ቦታ ስመለከት ልኖር ነው። ብዙ ሰው የሚገዛው እንዲህ ነው፤ ለሠርጉ፣ ለለቅሶው፣ ለወንዙ። ሰኞ ጠዋትን የሚያስባት የለም። ሰኞ ጠዋት በአያት መንገድ ላይ ቪ8ም ቪትዝም እኩል ይቆማሉ፤ ልዩነታቸው ቆመው የሚጠጡት ነዳጅ ነው።

ቁጭ ብዬ ሳሰላው የሥራ ቀን ጉዞዬ ደርሶ መልስ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በኋላ ወንበር የሚቀመጡት አንድ ልጅና አንድ ከረጢት ሽንኩርት ናቸው። ለዚህ የቻይና ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ከበቂ በላይ ናት። ቢዋይዲ ሲጋልን እንውሰድ፦ አነስተኛው ባትሪዋ 30 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል፤ በቻይና መለኪያ 305 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይባላል። የቻይና መለኪያ ለጋስ ነው፤ ብዙ ቀንሱለት፤ ቢሆንም ከአያት ሜክሲኮ አያሳስብም። ስስ አየር አይነካትም፤ ሽሮ ሜዳን ሳታለከልክ ትወጣለች። ወደ አዳማ ስትወርድ ፍሬኗ መልሶ ባትሪውን ይሞላል፤ ስትመለስ ዳገቱ ያንኑ ያስከፍላታል።

ሰው ሁሉ ባትሪው ስንት ዓመት እንደሚቆይ ያስጨንቀዋል። እኔን ያስጨነቁኝ አከራዬ ናቸው። ካውያ ስሰካ የቆጣሪውን ሩጫ ከመኝታ ቤታቸው የሚሰሙ ሴት ናቸው።

«እትዬ፣ የምትሞላ መኪና ልገዛ ነው» አልኳቸው።

«ምን የምትሞላ?»

«መብራት።»

«በእኔ ቆጣሪ?»

«በተራ ሶኬት ሁለት ኪሎ ዋት ገደማ ነው የምትስበው። የእርስዎ የእንጀራ ምጣድ ከሦስት ይበልጣል። በምጣድዎና በመኪናዬ መካከል የከፋው ምጣዱ ነው።»

«ምጣዱ እንጀራ ያወጣል! ያንተ ምን ታወጣለች?»

መልስ አጣሁ። በመጨረሻ ተስማማን። ለመኪናዋ ብቻ የሚቆጥር ትንሽ ቆጣሪ በራሴ ወጪ አስገባለሁ፤ እሳቸው እንጀራ በሚጋግሩበት ቀን አልሰካም፤ በየወሩ በ21 ማርያም አደርሳቸዋለሁ። የመጨረሻው ሐሳብ የእሳቸው ነው፤ ለድርድርም አልቀረበም። የ30 ኪሎ ሜትሩን ጉዞ ለመተካት ሌሊት ሁለት ሦስት ሰዓት መሰካት ስለሚበቃ መብራት ቢሄድም እስኪመለስ እንጠብቃለን።

ከትንንሾቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች አንዷን ገዛሁ። ለቻይና ገበያ ከተሠሩት ስለሆነች ስክሪኗ በቻይንኛ ነው፤ ትናገራለችም። ከጃፓንኛ ሸሽቼ ቻይንኛ ውስጥ ገባሁ ማለት ነው። የትኛው ምልክት ምን እንደሚሠራ የሚያውቀው ልጄ ነው፤ መስኮት ማውረድ ሲያምረኝ እሱን እጠይቃለሁ። አጎቴ አይተዋት አንድ ጊዜ ዞሯት፤ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም እንዳልቀረው አስተዋሉና ስለ ወንዙ ዝም አሉ። ለጥምቀት በአውቶቡስ ነው የምንሄደው።

ባለሱቁ ግን አሁንም አልተወኝም፦ «እሺ፣ ሲሸጥስ?» እያለ ዳቦዬን ይጠቀልላል። አላውቅም፤ እሱም አያውቅም፤ የኤሌክትሪክ መኪና አሮጌ ገበያ ገና ዋጋውን እየፈለገ ነው። እናንተ ግን ልትገዙ ከተነሳችሁ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። አሮጌ ከሆነች የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ሳታመሳክሩ አንዲት ብር እንዳትከፍሉ። የምትሰካ ከሆነች ደግሞ ከደላላው በፊት አከራያችሁን አናግሩ።