አልነካሁዎትም

የሰርቦው ረዳት የእግር ኳስ ሕግ ሲያስረዳ ማስረጃው እኔ ነበርኩ። ወደ አሰንዳቦ የምትሄደው ሚኒባስ ሰው እስክትሞላ ቡና ጠጥቼ ብመለስ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በሩ ላይ ተገትሯል። ወደ ቀኝ ስል ወደ ቀኝ ይላል፤ ወደ ግራ ስል ወደ ግራ።

«ኧረ አሳልፈኝ!»

«ነካሁዎት ጋሼ?»

«አልነካኸኝም፣ ግን...»

«አልነካኝም አሉ!» ብሎ ወደ ባጃጅ ነጂዎቹ ጮኸ። «ታዲያ ፋውሉ የቱ ጋ ነው?»

ለካስ ጠቡ የአርሴናል ኮርና ኖሯል። አንዱ ተጫዋች በረኛው ፊት ይገተራል፣ በረኛው መውጫ ያጣል፣ ኳሷ መረብ ላይ ታርፋለች፣ ዳኛው ወደ መሀል ሜዳ ይጠቁማል። ኒኮላስ ዦቨር እ.ኤ.አ. በ2021 የቆመ ኳስ አሰልጣኝ ሆኖ ከመጣ ወዲህ ቤን ዋይት በረኞች አፍንጫ ሥር መቆምን ሙያ አድርጎታል፤ የእኛም ዲኤስቲቪ ቤቶች ሰላም አጥተዋል።

የማንቸስተር ማሊያ የለበሰው ባጃጅ ነጂ ሕጉን አብጠርጥሮ ያውቃል። «ሳይነካው መንገድ ከዘጋበት ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ነው፤ ዳኛው እጁን ሽቅብ ይሰቅላል። ከነካው ቀጥተኛ ነው። ቀድሞ ቆሞ ከተገኘ ግን ምንም የለበትም፣ ቦታው የራሱ ነው። ጥፋት የሚሆነው ተንቀሳቅሶ ሲዘጋበት ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ ሲመጡ ቆሞ ነበር ወይስ ተከተለዎት?»

ቡና የምታፈላው ሴት ቫር ሆና ተጠራች። በደንብ አላየሁም አለች። «በዝግታ ይድገሙት» ተባልኩ። ደገምኩት።

ለሴቶች ዓለም ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ2015ም በ2019ም በዳኝነት የተመረጠችው ሊዲያ ታፈሰ የጅማ ልጅ ናት፤ በሙያዋ ደግሞ ፋርማሲስት። በዚያች ሰዓት ፊሽካዋንም መድኃኒቷንም ተመኘሁ።

ሹፌሩ ጡሩምባውን ሲያስጮኸው ተግተልትለን ገባን፤ ፍርዱ ሰርቦ ቀረ። እኔን ግን ነገሩ እስከ አሰንዳቦ አልለቀቀኝም። ሳይነኩ መንገድ መዝጋትን ከእንግሊዝ የተማርነው ይመስል! ሁለት ጨዋዎች በር ላይ «ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባሉ፣ ከኋላቸው ዝናብ የሚደበድበው ሰው ለማን አቤት ይበል? ሂሳብ ልክፈል ስል የእጄን አንጓ ጨምድዶ የሚይዘኝ ወዳጄማ አያከራክርም፣ ቀጥተኛ ቅጣት ምት ነው። «አፈር ስሆን» እያለ ጉርሻ ይዞ አፌ ላይ የሚቆመው ሌላ አንቀጽ ነው፤ እሱ በእጅ መንካት ይባላል።

አጋሮ የነበረችው አክስቴ ግን ሁሉንም ታስንቃለች። እንግዳ ቶናውን ጠጥቶ፣ አመስግኖ፣ መርቆ በር ላይ ሲደርስ ጫማው የለም። አልጋ ሥር ይፈልጋል፤ ልጆቹን ይጠይቃል፤ ልጆቹ ጣራ ጣራ ያያሉ። በረካ ሳይጠጣ የት አባቱ! እሷ እቴ፣ ከረከቦቱ ጀርባ ቁጭ ብላ ፍሙን እያራገበች፣ «ማን ያዘህ? ሂዳ!» ትለዋለች።